ሽንፈት በሳንቲም

በየሳምንቱ አብረውኝ የሚሸነፉ ሰዎች አሉኝ። አንዱ ብራዚል ያለ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ለታካሚው ማደንዘዣ ወግቶ እስኪይዝለት ድረስ ጓንቱን አውልቆ ይጽፍልናል። አንዷ ስኮትላንድ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች፤ ከሁላችን የበረታችው እሷ ናት፣ ከሁላችን ትንሽ የምታወራውም እሷ። ፊንላንዳዊ አለን፣ የእሱ ነገር ወደ ኋላ ይመጣል። ኦሃዮ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ አለን። እኔ ደግሞ ገርጂ ነኝ። በአካል ተያይተን አናውቅም። ግን ማን የት ላይ እንደሚሞት፣ በየትኛው ጥግ እንደሚደነግጥ፣ ሦስተኛዋን ነፍሱን በምን እንደሚያባክናት አንድ በአንድ እናውቃለን። የሥጋ ዘመዶቼ ስለ እኔ ይህን ያህል አያውቁም።

ሥርዓታችን አጭር ነው። ሰኞ ሰኞ አንድ አሮጌ የአርኬድ ጌም በዕጣ ይወጣል፤ ድሮ በመጠጥ ቤትና በመጫወቻ አዳራሽ ቆመው ሳንቲም ሲጎርሱ ከኖሩት ሳጥኖች አንዱ ማለት ነው። ሁሉም በየቤቱ ይጫወታል፣ ያገኘውን ነጥብ ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ እሑድ ማታ ደረጃ ይወጣል። በደንቡ የሰፈረው ይኸው ነው። ዋናው ሥራ ግን ወሬው ነው። አንዱ ጌም ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለ ሦስቱ ደቂቃ ለማውራት ግን ከሰኞ እስከ እሑድ ያለው ጊዜ አይበቃም። ማኅበር የጠጣ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል፤ ለጠላው ብሎ የሚሄድ የለም። ዕጣ የሚያወጣልን፣ ጠብ የሚያበርድልንና የቀረውን ሰው "ምነው ጠፋህ?" የሚለው የኦሃዮው ሽማግሌ ስለሆነ እኔ በልቤ "ሙሴ" ብዬዋለሁ። እሱ መሾሙን አያውቅም።

ቤተሰቤ ነገሩን የለመደው በየተራ ነው። እናቴ አንድ ምሽት ከኋላዬ ቆማ ብዙ ከተመለከተች በኋላ፣

"አሸነፍክ?" አለችኝ።

"አይሸነፍም እማዬ።"

"ጎበዝ ሰው ቢጫወተውስ?"

"እሱም ይሸነፋል። ቆየት ብሎ።"

"እና አንተ ይህን ሁሉ የምትለፋው?"

"እኔም ቆየት ብዬ ለመሸነፍ ነው።"

እናቴ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና፣ "ይሄማ የእኔው ሥራ ነው" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ልጄ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ የእሱ ጥያቄ ሌላ ነበር።

"አባዬ፣ ሴቭ አድርገውና ና ራት እንብላ።"

"ሴቭ የለውም።"

"እሺ ጨርሰውና ና።"

"አያልቅም።"

"ስትሞትስ?"

"እንደገና ከመጀመሪያው።"

ልጄ አዝኖ አየኝ። "ድሮ ሰው እንዲህ ነበር የሚኖረው?" አለ።

እንዲህ ነበር። ምክንያቱም ከጨዋታው በፊት ሳንቲሙ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የሚባለው ኩባንያ "ፖንግ" የተባለውን የመጀመሪያ ሳጥኑን ካሊፎርኒያ ሰኒቬል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ አቆመ። ሁለት መስመር፣ አንዲት ነጭ ኳስ፣ ሌላ ነገር የለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ባለመጠጥ ቤቱ ደውሎ "ማሽናችሁ ተበላሽቷል" አለ። የሠራው መሐንዲስ አል አልኮርን መፍቻውን ይዞ ሄደ፣ ከፈተው፣ ምንም ብልሽት አጣበት። ሳንቲም መያዣው ሞልቶ ማሽኑ አልቀበልም ብሎ ነው። ከዚያች ዕለት ወዲህ የሳጥኖቹ ተፈጥሮ ተወሰነ። ለባለቤቱ በአንድ ሳንቲም አንድ ሰዓት የሚቆም ደንበኛ ኪሳራ ነው፤ ወዲያው የሚባረር ደንበኛ ደግሞ ተናዶ አይመለስም። ስለዚህ ማሽኑ አስደስቶ እንዲያባርር ተደርጎ መሠራት ነበረበት፤ ተሸናፊው "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንድ ጊዜ ልድገም" እንዲል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሰውን አባሮም አስናፍቆም መላክ ቀላል ጥበብ አይደለም። የአሁኖቹ ጌሞች መቶ ሰዓት ሲያባብሉህ ይከርማሉ፤ እኔ በበኩሌ ፊት ለፊት "ውጣ!" የሚለኝን አከብራለሁ።

በቡድናችን ሦስት ቀን ተወርቶበት የማያልቅ ነገር ቢኖር ብልሽት ነው። ከእነዚህ ሳጥኖች የምንወዳቸውን ነገሮች ብትቆጥራቸው ግማሾቹ ሳይታሰቡ የገቡ ናቸው። "ስፔስ ኢንቬደርስ"ን እንውሰድ። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለ ጃፓናዊ ታይቶ ለሚባለው ኩባንያ በ1978 የሠራው ነው። በአምስት ረድፍ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው 55 የጠፈር ወራሪዎች ከላይ ይወርዳሉ፣ አንተ ከታች ትተኩሳለህ። መጀመሪያ ሲወርዱ ዝግ ይላሉ፤ በገደልካቸው ቁጥር ይፈጥናሉ፤ የመጨረሻዋ ብቻዋን ስትቀር እንደ እብድ ትሮጣለች። ይህን የፍርሃት ሙዚቃ የጻፈው አንድ ሊቅ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን ከማሽኑ ድክመት የመጣ ነው፤ ውስጡ ያለው ቺፕ 55 ሥዕል በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ስላቃተው ይጎተታል፣ ሥዕሉ ሲቀንስለት ይፈጥናል። ኒሺካዶ ይህን አየ፣ ወደደው፣ እንዳለ ተወው። ሙሴያችን እንደሚለው ከሆነ የዚህ ሁሉ ኢንዱስትሪ ትልቁ ውሳኔ ያ አለመጠገን ነው።

እዚያው ጌም ላይ ከላይ የምታልፍ አንዲት ቀይ መርከብ አለች። ብትመታት አንዳንዴ 50፣ አንዳንዴ 100፣ አንዳንዴ 300 ነጥብ ትሰጣለች፤ ዕድል ይመስላል። ዕድል አይደለም። ማሽኑ የተኮስካቸውን ጥይቶች ይቆጥራል፤ በ23ኛው ጥይት ከመታሃት 300 ነው፣ ከዚያ ወዲያ በየ15 ጥይቱ። ይህን የደረሱበት ጥይታቸውን ቆጥረው የተጫወቱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ይህ ጌም ዕጣ የወጣ ሳምንት እኔም ቤቴ ተቀምጬ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እቆጥራለሁ።

"ሽንኩርት አልቋል" ትላለች ባለቤቴ።

"ሃያ አንድ።"

"ስንት ኪሎ ላስመጣ ነው የምልህ?"

"ሃያ ሁለት… ሃያ ሦስት!"

"ሃያ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት! ማንን ልንድር ነው?"

ከወራሪዎቹ ይልቅ ቤታችንን ያመሳት ግን "ፓክማን" ነው። ግንቦት 14 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ በእነሱ 1980፣ ቶኪዮ ሺቡያ ሠፈር ውስጥ ለሙከራ ቆመ። የናምኮው ቶሩ ኢዋታኒ የመጫወቻ አዳራሾቹ የጦርነት ጌም ብቻ ሞልቷቸው፣ ወንዶች ብቻ ሲተራመሱባቸው አይቶ፣ ሴቶችና ጥንዶች የሚገቡበት ነገር ልሥራ አለ። መግደልን ትቶ መብላትን መረጠ። አንድ ቢጫ ክብ፣ አፍ ብቻ፤ መተላለፊያ ለመተላለፊያ እየዞረ 240 ትንንሽ ነጠብጣብና አራት ትልልቅ ይለቅማል። አራት መናፍስት ያሳድዱታል። ትልቁን ነጠብጣብ ሲውጥ መናፍስቱ ሰማያዊ ሆነው እሱ ያሳድዳቸዋል። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት፣ "መናፍስት ስታሳድድ ነው እኩለ ሌሊት የምታደርሰው? ልጄን ጸበል ውሰዱልኝ" አለች። "መጀመሪያ እነሱ ናቸው የሚያሳድዱኝ" አልኳት፣ ነገሩ የሚሻሻል መስሎኝ።

የእነዚህ አራት መናፍስት ጠባይ በቡድናችን እንደ ዳዊት የሚደገም ነው። ቀዩ ነገር አያውቅም፣ በቀጥታ አንተ ያለህበትን ሳጥን ዒላማ አድርጎ ከኋላ ይመጣል። ሮዟ አንተን አትከተልም፤ ፊትህን ካዞርክበት አቅጣጫ አራት ሳጥን ቀድማ እዚያ ልትጠብቅህ ትሞክራለች። ሰማያዊው ብቻውን አያስብም፤ ቀዩ የት እንዳለ አይቶ፣ ከቀዩ ወደ አንተ ፊት የሚሄደውን መስመር እጥፍ አድርጎ ነው የሚያሰላው፤ ቀዩ ሩቅ ከሆነ እሱም የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ብርቱካናማው ደግሞ ከስምንት ሳጥን በላይ ስትርቀው ይመጣብሃል፣ ስምንት ሳጥን ውስጥ ሲገባ ግን ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ግራ ታችኛው ጥጉ ይሄዳል። ሁሉም በየመሃሉ ማሳደዳቸውን ትተው ለጥቂት ሰከንድ በየጥጋቸው ይበተናሉ፤ ኢዋታኒ ተጫዋቹ እንዲተነፍስ ያደረገው ነው። ይህን ያህል ርኅራኄ ያለው አሳዳጅ በሕይወቴ አላጋጠመኝም።

አንድ ሳምንት ሙሴ "እናንተ የትኛው ናችሁ?" ብሎ ጠየቀ። የጥርስ ሐኪሙ ቀዩ ነኝ አለ። የቤተ መጻሕፍቷ ሴት "ሮዟ" አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም፣ ሁላችንም ትንሽ ፈራን። ፊንላንዳዊው ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ ቆየና፣ "እኔ ብርቱካናማው ነኝ። ሰው ለማግኘት ከቤቴ እወጣለሁ፣ ስምንት ሜትር ሲቀረኝ እመለሳለሁ" ብሎ ጻፈ። ፊንላንድ ውስጥ ይህ እንደ ጠባይ አይቆጠርም አሉ፣ የተለመደው ርቀት ነው። እኔ ሰማያዊው ነኝ አልኩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሆነ ቦታ ለመሄድ መጀመሪያ ሌላው ሰው የት እንደደረሰ መደወል የግድ ነውና።

በሮዟ ላይ ደግሞ ክርክር አለ። ፓክማን ወደ ላይ ሲዞር የአራት ሳጥኑ ሒሳብ ይሳሳታል፤ አራት ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን አራት ወደ ግራም ይቆጥራል። ትንሽ የኮድ ስህተት ናት። ግን ፊት ለፊት ተገናኝታችሁ ወደ እሷ ስታፈጥጥባት ዒላማዋ ከኋላዋ ስለሚወድቅ ዞራ የምትሄድበት ጊዜም አለ፤ ይህኛው ስህተት ሳይሆን የዓላማዋ ውጤት ነው። የቱ ነው የፈጣሪዋ ሐሳብ፣ የቱ ነው የጸሐፊው ስንፍና? ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉልኝን መልእክቶች ባትም መጽሐፍ ይወጣቸዋል። እኔ ራሴ ያለኝ አቋም ጽኑ ነው፣ በየወሩ ይለወጣል እንጂ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምወዳት አንዲት ጥግ አለች። ከመነሻህ በስተቀኝ ከፍ ብላ መንገዱ የሚገናኝባት ቦታ ላይ፣ መናፍስቱ ከኋላህ ተጣብቀው ሳይመጡ ገብተህ ፊትህን ወደ ላይ አድርገህ ብትቆም አያገኙህም። ይዞራሉ፣ ያልፋሉ፣ ይመለሳሉ፤ አንተ ቆመሃል። ስልክ የሚነሣው፣ ቡና የሚፈላው እዚያ ላይ ነው። አንዴ ጎረቤቴ ስለ ግቢው ውኃ ፓምፕ መዋጮ ሊያናግሩኝ መጥተው በር ላይ ግማሽ ሰዓት ስንጨቃጨቅ ፓክማን ጥጉ ውስጥ በሰላም ቆሞ ጠብቆኛል። እሳቸው ግን ወደ ውስጥ ብቅ ብለው ስክሪኑን አዩና፣ "ይሄ ቢጫው ለምን አይሄድም?" አሉኝ። "ተደብቆ ነው ጋሼ።" "ከማን?" "ከአራቱ።" "መዋጮ ሊጠይቁት ነው?" አሉ።

ታዲያ መጨረሻው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው አሮጌዎቹ ጌሞች ከሌላው የሚለዩት። መጨረሻ አልተጻፈላቸውም፣ ግን መጨረሻ አላቸው። የፓክማን ማሽን ደረጃህን የሚቆጥረው በአንድ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ ከ255 በላይ መቁጠር አይችልም። 256ኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ከታች የሚደረደሩትን ፍራፍሬዎች ልሣል ብሎ ሒሳቡ ይጠፋበትና የስክሪኑን ቀኝ ግማሽ በፊደልና በቁጥር ድሪቶ ይሞላዋል። በዚያ በኩል የሚበላው ነጠብጣብ ስለማይበቃ ደረጃው አይታለፍም። እስከዚያ ድረስ አንዲት ነጠብጣብ፣ አንድ ፍሬ፣ አንድ ሰማያዊ መንፈስ ሳያመልጠው፣ አንዲት ነፍስ ሳይከፍል የደረሰ ሰው፣ የተረፉትን ነፍሶች ድሪቶው ውስጥ ከፍሎ የሚያገኘው ነጥብ 3,333,360 ነው። ከዚያ በላይ የለም። ይህ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት መቀመጥን ይጠይቃል፤ እኔ ሃያ ምናምነኛው ደረጃ አካባቢ ነው ስንብቴን የምቀበለው። መናፍስቱ ከ19ኛው ደረጃ ወዲያ ትልቁን ነጠብጣብ ብትውጥም ሰማያዊ መሆናቸውን ስለሚተዉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ብቻ ነው።

"ዶንኪ ኮንግ" ደግሞ የባሰ ነው። ኒንቴንዶ በ1981 ያወጣው፣ ሺገሩ ሚያሞቶ የነደፈው፣ በርሜል ከሚያንከባልል ጎሪላ ሴትዮዋን የሚያስጥል ሰውዬ ያለበት ጌም ነው። ለየደረጃው የሚሰጥህን ጊዜ የሚያሰላው በደረጃ ቁጥሩ ላይ አራት ደምሮ በአሥር አባዝቶ ነው። 22ኛው ደረጃ ላይ 26 ጊዜ 10፣ 260 ይመጣል። 260 ደግሞ ባይቱ ውስጥ አይገባም፤ ይፈስና አራት ይቀራል። እንግዲህ ያን ሁሉ በርሜል ዘለህ፣ ያን ሁሉ መሰላል ወጥተህ የደረስክ ጀግና ጥቂት ሰከንድ ይሰጥህና፣ ማንም ሳይነካህ፣ ቆመህ ትሞታለህ። ሐኪሙ ይህን የሰማ ዕለት "ይህማ ፍልስፍና ነው" አለ። ሙሴ "የለም፣ ይህ ስምንት ቢት ነው" አለ። እኔ ከሙሴ ጋር ነኝ። በነገራችን ላይ ስለዚህ ጌም ሻምፒዮኖች በ2007 የወጣ "ዘ ኪንግ ኦቭ ኮንግ" የሚባል ዘጋቢ ፊልም አለ፤ ትልልቅ ሰዎች ስለ ጎሪላ እንዴት እንደሚጣሉ ያያችሁ እንደሆነ በእኔ መፍረድ ትተዋላችሁ።

እነዚህን ሳጥኖች ገርጂ ቁጭ ብዬ የማገኛቸው ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ በ1997 "ማሜ" የተባለ ኢሙሌተር ስላወጣ ነው፤ የድሮውን ቺፕ ጠባይ እያስመሰለ ፕሮግራሙን በላፕቶፕ የሚያስኬድ። ከእሱ ወዲህ ብዙ ሰው ሲጨምርበት ቆይቷል፤ የእነሱ ዓላማ ጨዋታ ሳይሆን ማሽኖቹ ከነብልሽታቸው እንዳይጠፉ መመዝገብ ነው። ችግሩ ላፕቶፕ ላይ ቁጭ ብሎ በኪቦርድ መጫወት ቡድናችን ውስጥ ነውር መሆኑ ነው። ጆይስቲክ ያስፈልጋል፤ ጆይስቲክም ዓይነት አለው። ፓክማን የሚያውቀው አራት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ስምንት አቅጣጫ ባለው ጆይስቲክ ስትጫወት መታጠፊያው ላይ በሰያፍ ይይዝሃል፣ ቀዩም ይደርሳል። ስለዚህ ጉዳይ ከፊንላንዳዊው የተላከልኝ ማብራሪያ ከሥዕላዊ መግለጫ ጋር ነው።

በመጨረሻ ሳጥኑን ራሴ ላሠራ ቆረጥኩና ሠፈራችን ያለ አናጺ ዘንድ ሄድኩ። ንድፉን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

"ጋሼ፣ ቁም ሳጥን ነው?"

"አይደለም።"

"ቡፌ?"

"አይደለም። ፊቱ ላይ ስክሪን ይገባል፣ እዚህ ጋ ሰው ይቆማል።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምርጫ ጣቢያ ነው?"

ለጌም መሆኑን ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ግን ነገሩን እንደ ራሱ ጉዳይ ያዘው። ባልጠየቅሁት ቦታ መሳቢያ ጨመረ፣ መሳቢያው ላይ ቁልፍ አደረገ፣ "እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ ቫርኒሽ አይሆንም" ብሎ ቡናማ አድርጎ አንጸባረቀው። አሁን ሳሎናችን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የተከበረው እሱ ነው። ባለቤቴ አናቱ ላይ ዳንቴል አልብሳ የሠርጋችንን ፎቶ አስቀምጣበታለች፣ መሳቢያው ውስጥ የመብራትና የውኃ ደረሰኝ ይቀመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ "ስፔስ ኢንቬደርስ"ን ዳንቴሉ ይጋርደዋል።

የእኛ ትውልድ እንዲህ ያለ ሳጥን ላይ አላደገም። ሳንቲም ከፍለን ቆመን የተሸነፍነው ጆተኒ ላይ ነው። ስለዚህ ለዚህ ነገር ትዝታ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ብራዚላዊው "የልጅነት ሽታ አለው" ሲል እኔ የምሸተው ቫርኒሹን ነው። ታላቄ የሆነ የአጎቴ ልጅ ላስ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል፤ እንደምታውቁት እዚያ ከተማ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ አማርኛ ብትናገሩ ሹፌሩ ዞር ማለቱ አይቀርም። ፒንቦል ሆል ኦፍ ፌም የሚባል ቦታ እንዳለና ከፒንቦሎቹ ጋር የድሮ የቪዲዮ ጌም ሳጥኖችም እንደሚገኙበት ነግሬው፣ አንድ ቀን ለእኔ ሲል ሄደ። በቪዲዮ ደወለልኝ። ኳርተር ከተተ፣ "አሁን ምን ላድርግ?" አለ፣ "ተኩስ!" ከማለቴ ሞተ። ሌላ ከተተ፣ ሞተ። ሦስተኛውን ሲከት ስልኩን ወደ ጣሪያው አዙሮት ስለነበር እርግማኑን ብቻ ሰማሁ።

"እዚህ ከተማ ያለው ሳጥን ሁሉ ሳንቲም ይበላል" አለኝ ሲወጣ። "ካዚኖው ያለው ግን ሲበላህ እየተሽኮረመመ ነው፤ መብራት ያበራልሃል፣ ልትበላ ነው ይልሃል። ያንተው ግን ያለ ምንም ይሉኝታ ነው የገደለኝ።"

"ወደድከው ማለት ነው?"

"እሑድ እመለሳለሁ።"

ሰው በአንድ ኳርተር ምን ያህል ሊቆይ ይችላል? እዚህ ላይ ወደ ቅዱሳኑ ገድል እንገባለን። በጥር 1984 ቲም ማክቬይ የሚባል ወጣት፣ አዮዋ ግዛት ኦተምዋ ከተማ ውስጥ፣ ትዊን ጋላክሲስ በሚባለው ታዋቂ መጫወቻ ቤት፣ "ኒብለር" የተባለውን የእባብ ጌም በአንድ ሳንቲም ከአርባ ሰዓት በላይ ተጫውቶ አንድ ቢሊዮን ነጥብ አለፈ። ማሽኑ አያቆምም፣ ሰውየው ግን ሽንት ቤት መሄድ አለበት። መላው፣ አስቀድሞ ብዙ ትርፍ ነፍስ ማጠራቀም ነው፤ ከዚያ ጥለኸው ትሄዳለህ፣ እባቡ ብቻውን ይሞታል፣ ይሞታል፣ ነፍስ ሳያልቅ ተመልሰህ ትደርሳለህ። ከተማው በስሙ ቀን ሰይሞለታል። ስኮት ሳፍራን የተባለው ልጅ ደግሞ በኅዳር 1982 "አስትሮይድስ" ላይ 41,336,440 ነጥብ አስመዘገበ። የማሽኑ ቆጣሪ መቶ ሺህ ሊሞላ ሲል ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ እንግዲህ አራት መቶ ጊዜ ያህል ድህነት ውስጥ ወድቆ ተነሥቷል ማለት ነው፣ ከጎኑም እየቆጠረ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ነጥብ እስከ 2010 ድረስ ማንም አልደረሰበትም። ሙሴ ስለ ሳፍራን ሲያወራ ኮፍያውን እንደሚያወልቅ እጠረጥራለሁ።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። ባለፈው ወር ዕጣው "ጋላጋ" ላይ ወጣ፤ የናምኮ የ1981 ሥራ። ንቦችና ቢራቢሮዎች ከሰማይ እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ፤ አለቆቻቸው መርከብህን በብርሃን ስበው ይማርኩብሃል፣ ማራኪውን ከመታህ የተማረከችው ትመለስና በሁለት መርከብ ጎን ለጎን ትተኩሳለህ። ከሁሉም ጌሞች የምወደው ነው። ግን ጉድ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ ሁሉንም ገድለህ በግራ ጠርዝ ያሉትን ሁለት ንቦች ብቻ ትተህ፣ ሳትተኩስ ሩብ ሰዓት ያህል ስትሸሻቸው ከቆየህ፣ መተኮስ ያቆማሉ። ከዚያ ትገድላቸዋለህ፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ እስከ ጌሙ መጨረሻ አንድም ጠላት አይተኩስም። ይወርዳሉ፣ ሊጋጩህ ይሞክራሉ፣ ጥይት ግን የላቸውም። የጥይቶቹን ቁጥር የሚይዘው የማሽኑ ክፍል በስህተት ስለሚሞላ ነው።

ሐሙስ ዕለት የጥርስ ሐኪሙ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ነጥብ ላከ። ማንም እንኳን ደስ ያለህ አላለም። ማታ ላይ ፊንላንዳዊው "ንቦቹ ተኩሰዋል?" ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ "እስከ ሩብ ሰዓት ተኩሰዋል" አለ። ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ።

አንዱ ወገን ማሽኑ የተሸጠው ከነስህተቱ ነው፣ ስህተቱም ሕግ ነው አለ። በ"ስትሪት ፋይተር 2" ተከታታይ ምት ሳይታሰብ የገባ አልነበረም? የካፕኮም ሰዎች ሲፈትሹት አግኝተውት፣ ማንም አይችለውም ብለው ትተውት፣ ዛሬ የድብድብ ጌም ሁሉ በእሱ አይደል የሚኖረው? ሌላው ወገን የታመመን ጠላት መዝረፍ ጀግንነት አይደለም አለ። ሐኪሙ፣ "ጥርሱን ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም፤ ቀዳዳ አየሁ፣ ገባሁ" ብሎ ተከላከለ። እኔ ስለ ንቦቹ ክብር ሦስት አንቀጽ ጻፍኩ፤ ጥሩ አንቀጾች ነበሩ፣ ማንም አልመለሰልኝም። የቤተ መጻሕፍቷ ሴት እስከ ቅዳሜ ዝም ብላ ቆይታ የራሷን ነጥብ ፎቶ ላከች። ከሐኪሙ ይበልጥ ነበር። ሥሩ "ሲተኩሱ" ብላለች።

እሑድ ሙሴ ፈረደ። ዘዴው ተፈቅዷል፤ ነገር ግን ለብቻው በሌላ ሠንጠረዥ ይመዘገባል፣ የተጠቀመበትም ሰው ሩብ ሰዓቷን ሳትቆረጥ በቪዲዮ ቀርጾ ማቅረብ አለበት፣ ከአባላቱም አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልክቶ መመስከር አለበት። ብይኑን ሁሉም አመሰገነ። ማን ይመልከት ሲባል ግን ሰው ጠፋ። ኦሃዮ እኩለ ቀን ነበር፣ ሙሴ ምሳ ይበላል፤ ፊንላንዳዊው ስምንት ሜትር ራቀ። ገርጂ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ ነቅቼ መኖሬም በስሜ ትይዩ በበራችው አረንጓዴ ነጥብ ይታይ ነበር። ተመደብኩ።

ዳንቴሉን ገልጬ ቪዲዮውን ከፈትኩት። የሚታየው ይህ ነው፦ ሁለት ንቦች ከላይ ይነሣሉ፣ ተጠማዝዘው ይወርዳሉ፣ ይተኩሳሉ፤ መርከቧ ሸሸት ትላለች፤ ንቦቹ ከታች ጠፍተው ከላይ ይመለሳሉ። እንደገና። በመሃል የታካሚ ሳል የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ሐኪሙ ይህን የቀረጸው በሥራ ሰዓት ነው ማለት ነው፣ እሱን አልመሰክርም። ባለቤቴ የተልባዋን ብርጭቆ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ለምን አይገድላቸውም?"

"መተኮስ እስኪተዉ እየጠበቀ ነው።"

"ሁለት ብቻ አይደሉ እንዴ?"

"ሁለት ናቸው።"

"ምስኪኖች" አለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ማየት ጀመረች። አሥረኛው ደቂቃ አካባቢ ስልኳ ጠራ፣ አላነሣችም። አሥራ ሁለተኛው ላይ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "አሸነፈ?" አለች፤ ባለቤቴ እጇን ዘርግታ "እሽ!" አለቻት፣ በጋብቻ ዘመናችን እናቴን እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። እናቴም ሳትቀየም ወንበር ስባ ተቀመጠች። አሥራ አራተኛው ላይ የግራዋ ንብ ሳትተኩስ ወረደች፣ ሳትተኩስ አለፈች። እኔ ምስክርነቴን ልጽፍ ወደ ስልኬ ዞር ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ቆይ፣ ቸኩለህ አትፍረድለት" አለች። "ያቺ ሁለተኛዋ ገና አልጨረሰችም።"